የታጠፈው ቆርኪ

ቲቪው የመጣው በባጃጅ ነው። ሹፌሩ የኋላ ወንበሩ ላይ እንደ በሽተኛ በገመድ አስሮ አምጥቶ ሱቄ ደጃፍ አወረደውና «ጀማል ነው የላከኝ» አለ። ሳቁን መያዝ አልቻለም። «ምን አለኝ መሰለሽ? ‹ዕቃ ቤት ስናጸዳ አገኘነው። ለአቃጣይዋ ውሰድላት፤ ጀምራዋለች፣ ትጨርሰው።›»

«አላህ ይስጥልኝ በለው» አልኩት።

ስሜ ዘሃራ ነው። ከሚሴ መናኸሪያው አጠገብ ስልክና ቲቪ እጠግናለሁ። ዘሃራ ብላችሁ ብትጠይቁ ግን ብዙ ሰው አያውቀኝም። አቃጣይዋ በሉ፣ የመጀመሪያው ባጃጅ ደጄ ያደርሳችኋል። ቲቪ ጠጋኝ አቃጣይ ስትባል ለገበያም አይበጅም። ደንበኛ ዕቃውን ሲያስረክበኝ «አደራ፣ እንዳታቃጥይው» ይልና ይስቃል። እኔም አብሬ እስቃለሁ። ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው አብሬ ስስቅ። ስቄ ግን አላውቅም።

ጀማል የአጎቴ የሐጂ እንድሪስ የመጀመሪያ ልጅ ነው። አጎቴን አቤራ እንላቸዋለን፤ በኦሮምኛ የአባት ወንድም እንደዚያ ነው የሚጠራው። አባቴ በጨቅላነቴ ስለሞተ፣ እናቴም ለሰው ቤት ሥራ ጅዳ ስለሄደች፣ ያደግሁት አቤራ ቤት ነው። ቲቪውን ሳየው ወዲያው ዐወቅሁት። የቻናል መለወጫው ቁልፍ ጠፍቶ በእስክሪብቶ ክዳን ተተክቷል። ያንን ክዳን የሰካሁት እኔ ነኝ፣ የአራተኛ ክፍል ተማሪ ሆኜ። የሱቁን በር ገርበብ አድርጌ የኋላ ሽፋኑን ብሎኖች መፍታት ጀመርኩ። አቧራው ሲነሳ ሽታው መጣ፤ የተቃጠለ ፕላስቲክ፣ የአይጥ ሽንት፣ ያደረ ምንጣፍ። የአቤራ ሳሎን እንዳለ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። እጄን ከመፍቻው ላይ አነሳሁና ትንሽ ቁጭ አልኩ።

ዓመቱን አትጠይቁኝ። ያኔ ከሚሴ ባጃጅ አልነበራትም፤ ጋሪ ነበር። አስፋልቱ ላይ ከደሴ የሚወርደው አውቶቡስ ሲቆም ሴቶቹ ፓፓያና ሙዝ በሰሃን ከፍ አድርገው መስኮቱን ያጥሩታል። ፓስቲ በሃያ አምስት ሳንቲም ነበር፣ ያውም መዳፍ የሚያህል፤ አሁን አሥር ብር ከፍላችሁ የምትበሉት አየሩን ነው። ኮንጎ ጫማ በጸሐይ ግሎ እግራችን ላይ ስለሚጣበቅ ከትምህርት ቤት ስንመለስ አውልቀን በእጃችን እንይዘዋለን፤ ከዚያ መሬቱ ከጫማው ሲብስብን መልሰን እናጠልቀዋለን። መስጊዱ ማዞሪያ ላይ የነበረው ካሴት ቤት እስከ ቀትሩ የዙህር ሶላት መንዙማ፣ ከዙህር በኋላ ዘፈን ይለቅ ነበር፤ ባለቤቱ ማንንም ማስቀየም አይወድም። ልጃገረዶቹ ከባቲ ገበያ የመጣ የዐረብ ሽቶ ሻሻቸው ላይ ጠብ ያደርጉና በአንዲት ብልቃጥ የዓመቱን ሰርግ ሁሉ ይጨርሳሉ። አሁን በዚያው ማዞሪያ ላይ ሦስት የስልክ ሱቅ አለ፣ ሦስቱም የኔ ተፎካካሪ፤ ካሴት ምን እንደሆነ የሚያውቅ ልጅ የለም። ቲቪ ያለበት ቤት ያኔ ጥቂት ነበር። የአቤራ ቲቪ ዳንቴል ለብሶ፣ አናቱ ላይ የላስቲክ አበባ ተቀምጦበት፣ ሳሎኑ ውስጥ እንደ ትልቅ እንግዳ ይኖር ነበር።

በቲቪ የምጫወትበትን ጌም የላከችልኝ እማዬ ናት። ለዕረፍት የመጣች የጅዳ ጓደኛዋ በብርድ ልብስ ጠቅልላ አመጣችው። ግራጫ ነው፣ ቀይ ማብሪያ አለው። ሁለት ጆይስቲክ፣ ከላይ የሚሰካ አንድ ቢጫ ካሴት። ካሴቱ ላይ መቶ ጌም ይላል፤ ውስጡ ያሉት ስምንት ናቸው፣ እየተደጋገሙ ነው መቶ የሞሉት። አብሮት የድምፅ ካሴትም ነበር፤ ያኔ ብዙ ሰው ደብዳቤ የሚልከው እንደዚያ ቀድቶ ነው። ቴፑ ላይ ስናጫውተው የእማዬ ድምፅ መጣ። «ዘሃራዬ፣ አንደኛዋ ጆይስቲክ ያንቺ ናት። ሁለተኛዋን ከላስቲኳ እንዳታወጪያት፣ የኔ ናት። ለዐረፋ እመጣለሁ፣ ኢንሻአላህ፤ አብረን እንጫወታለን። እስከዚያ ጎብዘሽ ጠብቂኝ፣ የሚያስተምረኝ ሰው እፈልጋለሁ።» ሁለተኛዋን አላወጣኋትም። የሰፈሩ ወንዶች ለምነውኛል፣ ፓስቲ ገዝተውልኛል፣ አንዱ ርግብ ሊሰጠኝ ነበር። አላወጣኋትም።

ለመጫወት የአንቴናውን ገመድ ነቅሎ የጌሙን መሰካት፣ ከዚያ በእስክሪብቶ ክዳኗ ቻናሉን እያዞሩ መፈለግ ነው። ስክሪኑ በረዶ ይዘንባል፣ ይዘንባል፣ ድንገት ጥርት ይልና ሙዚቃው ይጀምራል። ካሴቱ እምቢ ካለ አውጥተን እፍ እንልበታለን። ዛሬ ጠጋኝ ሆኜ ሳየው ምራቅ ነበር የምንጨምርበት፤ ያኔ ግን መድኃኒት ነው። እኔ የምወደው የታንኩን ጌም ነበር። ከታች መሃል ላይ በጡብ የታጠረች ትንሽ ቤት አለች። ጠላት ከላይ ይመጣል፣ አንቺ ታንክሽን እየነዳሽ ቤትሽን ትጠብቂያለሽ። ቤቷን ከመቷት አለቀ። አንቺ ራስሽ በስህተት ብትመቺያትም አለቀ። እኔ ሃያ ስድስተኛው ስቴጅ ደረስኩ፤ አውራ ጣቴ ውኃ ቋጥሮ፣ ፈንድቶ፣ ደርቆ፣ እንደ ገበሬ ጣት ሆኖ። ጀማል ጺም ያበቀለ ጎረምሳ ነበር፣ አያ ጀማል ነበር የምለው፤ ከሦስተኛው ስቴጅ አልፎ አያውቅም። ትዕግሥት የለውም። ዞሮ ሲተኩስ የራሱን ቤት ይመታና ጆይስቲኬን ወርውሮ «የሴት ጨዋታ» ይላል።

እሱ የሚኮራበት ሌላ ነገር ነበር። ለስላሳ በጥርሱ ይከፍትና ቆርኪውን በሁለት ጣቱ ይዞ መሃል ለመሃል ያጥፈዋል፣ እንደ ሳምቡሳ። ሴት ካለች ሁለት ያጥፋል። ከሚሴ ውስጥ ይህን የሚያደርግ እሱ ብቻ ነበር፤ ሌሎቹ ሞክረው ጣታቸው ደምቷል። የታጠፉትን ያገኘበት ቦታ ያስቀምጣቸዋል፣ መስኮቱ ላይ፣ አልጋው ራስጌ። የአቤራ ሚስት ስትጠርግ ስትሰድበው ነው የምሰማው።

በከተማው ሁሉ የሚታመን አንድ ነገር ነበር፤ ጌም ቲቪ ያቃጥላል። እንዴት ብሎ የጠየቀ የለም። መስታወቱን ይበላዋል ይላሉ፣ በቃ። አቤራ «ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ስትጨርሺ ንቀዪው» ይሉኝ ነበር፣ እኔም እነቅል ነበር። አንድ እሑድ ግን አልነቀልኩም። አቤራና ሚስታቸው ሰንበቴ ገበያ ፍየል ሊሸጡ ሄደዋል። እኔ ቁርአን ቤት ረፍዶብኝ ጌሙን አጠፋሁና ገመዱን ሳልነቅል ሮጥኩ። ስመለስ ሳሎኑ በጭስ ታፍኗል። ጀማልና ሦስት ጓደኞቹ በርጫ ላይ ናቸው፤ ጫቱ፣ ለውዙ፣ ለስላሳው ምንጣፉ ላይ ተዘርግቷል። ጀማል ብቻ ቆሟል።

«ነይ፣ ሥራሽን እዪ» አለኝ። «ቲቪውን ስንከፍተው ጭስ ተፋ።»

«ስወጣ ደህና ነበር። ጌሙን አጥፍቼዋለሁ።»

«ነቅለሻል ወይ ነው የምልሽ።»

አልነቀልኩም። ምን ልበል?

ከኮምቦልቻ የመጣው ጠጋኝ ሽፋኑን እንኳ አልፈታም። «ጌም ካጫወታችሁበትማ አለቀ፣ አትድከሙ» ብሎ የመንገዱን ተቀብሎ ሄደ። እኔ ስወጣ ደህና ነበር እያልኩ አለቅሳለሁ። አቤራ ፍርድ የሚወዱ ሰው ናቸው፤ የልጅ ለቅሶ ነው ብለው አላለፉትም። ሐሙስ ዕለት ቤታቸው ወዳጃ ተቀምጦ፣ ሰው ለዱዓ ሲሰበሰብ፣ ነገሩን ዱዓውን ለሚመሩት ሽማግሌ አቀረቡ። ሽማግሌው እጃቸውን ዘርግተው «ይህን ዕቃ ያበላሸ፣ አበላሽቶም የደበቀ፣ እውነቱን እስኪናገር አላህ ዕረፍት አይስጠው» አሉ። ቤቱ በሙሉ አሚን አለ። ከሁሉም የጀማል ድምፅ ይጎላ ነበር። እኔም ከልቤ አሚን አልኩ። በአራተኛው ቀን ወባ ያዘኝ።

ከሚሴ ውስጥ ወባ የማይዘው ማን አለ? በዚያ ወር ግማሹ ሰፈር ተኝቷል። ግን የሌላው ሰው ወባ የትንኝ ሆነ፣ የእኔ የዱዓ ሆነ። በሁለት ብርድ ልብስ ተጠቅልዬ እየተንቀጠቀጥኩ ሊጠይቁኝ የመጡት ጎረቤቶች «ደረሰባት» ይባባላሉ፣ የማልሰማ መስሏቸው። አንዷ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብላ «ተናገሪው፣ ይለቅሻል» አለችኝ። በሰባተኛው ቀን ተናገርኩ። «እኔ ነኝ» አልኩ። ትኩሳቱ ለቀቀኝ፤ ኪኒኑን ጨርሼ ነበራ። ከዚያ ወዲያ ማን ይጠራጠር? እኔ ራሴ አመንኩ። ሌላው ሁሉ ይቅር፣ ይህንን ግን ያዙልኝ፤ ስንት ዓመት ያንን ቲቪ እንዳቃጠልኩት አምኜ ኖሬያለሁ።

አቤራ ይዘውኝ ቴሌ ሄዱና ወደ ጅዳ ደወሉ። በዚያች ጠባብ የእንጨት ሳጥን ውስጥ ጀርባዬን ግድግዳው ላይ አስደግፌ ቆሜያለሁ። እማዬ «አብሽሩ፣ እተካዋለሁ» ስትል በስልኩ ይሰማኛል። ለዐረፋ መምጣቷ ቀረ። ውሏን በሁለት ዓመት አራዘመች። አዲሱ ቲቪ መጣና የሞተው ላይ ተቀመጠ፤ እኔ ያቃጠልኩት ከሥር፣ እማዬ የገዛችው ከላይ፣ በአንድ ዳንቴል። እንግዳ በመጣ ቁጥር ጀማል ከሥር ያለውን በእግሩ ጣት እየጠቆመ «ይቺ የዘሃራ ናት» ይላል። አቃጣይዋ የሚለውን ስምም ያወጣልኝ እሱ ነው። ጌሙን አቤራ ሰንበቴ ወስደው ሸጡት፣ የእማዬን ጆይስቲክ ከነላስቲኳ። በመጨረሻ እማዬ መጥታ መናኸሪያው ላይ ከአውቶቡሱ ስትወርድ፣ እየሮጠች አጠገቤ የቆመችውን የጎረቤት ልጅ አቅፋ አለቀሰች። ልጅቷ እማዬ ስትሄድ የነበረኝን ቁመት ታህላለች። እኔ አድጌ ነበር።

«እማዬ፣ እኔ ነኝ» አልኳት።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት አልመጣልኝም። ዐረብ አገር ልሂድ ስል እማዬ ፓስፖርቴን ደበቀችው። አንድ ቦታ መቀመጥ አልችልም፤ ኮምቦልቻ ሄጄ አንድ ጠጋኝ ዘንድ ሥራ ለመድኩ። ቲቪ የመረጥኩት በሌላ አይደለም፣ አንድ ነገር ማወቅ ስለፈለግሁ ነው። በሦስተኛው ቀን ጠየቅሁት፤ ጌም ቲቪን እንዴት ነው የሚያቃጥለው?

«አያቃጥልም» አለ፣ ከሥራው ቀና እንኳ ሳይል። «ያውም ጠፍቶ የተሰካ? በአንቴና ገመድ ምን ያቃጥላል?»

የዚያን ቀን ምሳ አልበላሁም። ወባው ወባ ብቻ ነበር ማለት ነው። እናስ፣ ማን አቃጠለው? መጠርጠርማ ጠረጠርኩ። ግን ቲቪው አቤራ ዕቃ ቤት ነው፤ አምጡና ልፈትሸው ብል አቃጣይዋ ሬሳ ልትመረምር ነው ብለው ይስቁብኛል። ስለዚህ ጠበቅሁ። ከሚሴ ተመልሼ ሱቅ ከፈትኩ። አንድ ሰኞ ባቲ ገበያ አሮጌ ሬዲዮ ከሚሸጥ ሰውዬ ዘንድ ልክ እንደኔ ያለ ግራጫ ጌም አገኘሁና ገዛሁ፣ ታንኩ ያለበት። መደርደሪያ ላይ አስቀምጬው ስንት ጊዜ አቧራውን ጠረግሁ። ተጫውቼበት ግን አላውቅም። ጀማል በዚህ መሃል አግብቷል፣ ሦስት ባጃጅ ገዝቷል፣ ሆድ አውጥቷል። ዕረፍት ያጣ ሰው አይመስልም ነበር።

እና አሁን ቲቪውን ራሱ ላከልኝ።

ሽፋኑ ሲነሳ መጀመሪያ ያየሁት የለውዝ ልጣጭ ነው። ቀጥሎ የደረቀ ለስላሳ፣ ቦርዱ ላይ እንደ ሙጫ የተጋገረ። ከዚያ ፊውዙ አጠገብ፣ በሁለት የሽቦ እግሮች መሃል ተሰንቅሮ፣ ጠርዙ የጠቆረ አንድ ቆርኪ። መሃል ለመሃል የታጠፈ። እንደ ሳምቡሳ።

ፎቶ አነሳሁት። ከዚያ አንድ አዲስ ቆርኪ ከሻይ ቤት አምጥቼ በቲቪው አናት የአየር ቀዳዳ ለመክተት ሞከርኩ፤ አልገባም። በፒንሳ አጥፌ ሞከርኩ፤ ሸርተት ብሎ ገባ። በሩን ዘጋሁና ብቻዬን ሳቅሁ፣ የእውነት። ለማንም አልተናገርኩም፣ ለእማዬም። ዐረፋ ሁለት ሳምንት ነበር የቀረው። ፊውዙን ቀየርኩ፣ የሞቱትን ሁለት ዕቃዎች ከሌላ ቦርድ ነቅዬ ተካሁ፣ የተጋገረውን በአልኮል አጠብኩ። ቲቪው ሲበራ በረዶው ዘነበ።

የዐረፋ ማግስት ቤተሰቡ ሁሉ አቤራ ቤት ይሰበሰባል። ያንኑ ባጃጅ ጠርቼ ቲቪውን ጫንኩ፣ አንድ ሣጥን ለስላሳም ገዛሁ። መክፈቻ አልያዝኩም። አቤራ አርጅተዋል፣ ዓይናቸው ደክሟል፤ ፍራሹ ላይ ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ግድግዳው ላይ ጠፍጣፋ ቲቪ ተሰቅሏል። የኔን መሃል ምንጣፍ ላይ አስቀምጬ ሰካሁት። ሲበራ ሰው ሁሉ ወደ እሱ ዞረ።

«ማሻአላህ» አለ ጀማል። «አቃጣይዋ መጥፎ ሥራዋን ልታስተካክል ሃያ ዓመት ፈጀባት።»

ሰው ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፣ ለመጨረሻ ጊዜ። ለስላሳውን እያዞርኩ ሰጠሁ። መክፈቻ የታል ሲሉኝ «ሱቅ ረሳሁት፣ ጀማል ምን ይሠራል?» አልኩ። በመንጋጋ ጥርሱ ከፈተ። ልጆቹ ዙሪያውን ከብበውታል። ሳያስበው ቆርኪዋን በሁለት ጣቱ ያዘና አጠፋት፣ ትሪው ላይም አኖራት። አነሳኋት። ከቦርሳዬ አሮጌዋን አወጣሁና ሁለቱንም አቤራ መዳፍ ላይ አስቀመጥኩ።

«አቤራ፣ እነዚህን ይዳስሱልኝ።»

በአውራ ጣታቸው አሻሿቸው። «አንዷ አዲስ ናት። ይቺኛዋ ዝጋለች። ከየት መጣች?»

«ከዚህ ቲቪ ሆድ። ፊውዙ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ያቃጠለችው እሷ ናት። የለውዝ ልጣጭም አብሯት አለ። እኔ ያን ቀን ቁርአን ቤት ነበርኩ።»

«ቆርኪ ማንም ሊጥል ይችላል» አለ ጀማል። ድምፁ ቀጥኗል።

«የታጠፈ ብቻ ነው በቀዳዳው የሚገባው፤ ሞክሬዋለሁ» አልኩ።

አቤራ ፊታቸውን ወደ እሱ አዞሩ። «ከሚሴ ውስጥ ይህን የሚያጥፍ ሌላ ሰው ንገረኝ።»

የጀማል የስድስት ዓመት ልጅ ናት የመለሰችላቸው፣ በኩራት። «ማንም አይችልም አባባ። አባዬ ብቻ ነው።»

ጀማል ተቀመጠ። «ወላሂ ሆን ብዬ አይደለም» አለ። «አናቱ ላይ አስቀመጥኳት፣ ገባች። ጭሱ ሲወጣ ፈራሁ። ልጅ ነበርኩ።»

«እኔስ?» አልኩት።

አቤራ ቆርኪዎቹን መዳፋቸው ውስጥ ጨብጠዋል። «አሚን ብለሃል» አሉት። «እኔ ቤት፣ በዱዓ ላይ፣ ከሁሉም ጮክ ብለህ። ልጅቷ በወባ ስትቃጠል አጠገቧ ቆመህ አይተሃል። እናቷን አስቀርተሃል። አሁን ተነሥተህ አፉ በሉኝ በላቸው። ይቅር ማለት የእነሱ ነው፣ እኔ አልገባበትም።»

ጀማል መጀመሪያ ወደ እማዬ ዞረ። ገና «አፉ...» ብሎ ሳይጨርስ «አፉ ብዬሃለሁ፣ አፉ፣ ዐውፍ» አለች። እማዬ እንደዚያ ናት። አሥር ዓመት የሰው ቤት ስትኖር ቶሎ ይቅር ማለት ለምዳለች። ከዚያ ወደ እኔ መጣ፤ ሆዱ እያስቸገረው ጎንበስ አለ። ቤቱ በሙሉ እኔን ያየኛል። አንዳንዱ በዓይኑ ‹በያ፣ በይውና ይለቅ› ይለኛል። ያንን ዓይን ዐውቀዋለሁ። በሁለት ብርድ ልብስ ተጠቅልዬ ሳለሁ ያየኝ ዓይን ነው።

ከቦርሳዬ የባቲውን ጌም አወጣሁ።

«እማዬ ሳትመጣ ስትቀር ሃያ ስድስተኛው ስቴጅ ላይ ነበርኩ» አልኩት። «አንተና እኔ አብረን እንጫወታለን፣ ሁለታችን አንድ ቤት እየጠበቅን። ሃያ ስድስተኛውን ያለፍን ቀን እዚሁ መጥቼ አቤራ ፊት አፉ እልሃለሁ። ከዚያ በፊት አልልም።»

«ዘሃራ፣ ትቀልጃለሽ?»

አቤራ መሳቅ ጀመሩ፤ እስኪያስላቸው ሳቁ። «ጋሪዳ» አሉ፣ መልካም ነው ማለታቸው ነው። «ተቀመጥ፣ ጀማል።»

ይኸው ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ ከጁምዓ በኋላ ሱቄ ይመጣል። ቲቪውን አቤራ ለእኔ ሰጥተውኛል፤ መስኮቱ አጠገብ ነው ያኖርኩት፣ ከመንገዱ እንዲታይ። ባጃጆቹ ቆመው ያያሉ። ሹፌሮቹ አዲስ ስም አውጥተውለታል፤ ቆርኪው ይሉታል፣ የራሱ ሦስት ሹፌሮችም ጭምር። ያ ትልቅ ሰው ያቺን ትንሽ ጆይስቲክ ጨብጦ፣ ግንባሩ አልቦ፣ ምላሱን በጥርሱ ነክሶ ይጫወታል። ጠላት እኔ እይዝለታለሁ፤ ሃምሳ ታንክ ቢመጣ እይዛለሁ። ችግሩ እሱ ነው። ይቸኩላል፣ ይዞራል፣ ይተኩሳል፣ የራሳችንን ቤት ይመታል።

«ቀስ በል ልጄ» ትለዋለች እማዬ ከኋላችን። ለኔ ደግሞ እሱ ሲሄድ «በቃው፣ አፉ በይው» ትለኛለች።

«አንቺን ያስቀረብኝ ሁለት ዓመት ነው እማዬ» እላታለሁ።

ከዚያ ጀማል ያስቀመጣትን ሁለተኛዋን ጆይስቲክ፣ ላቡን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ፣ ታነሳና አጠገቤ ትቀመጣለች። ለመማር አትቸኩልም፤ እያንዳንዷን ጡብ አይታ ነው የምትተኩሰው። እማዬ ዘጠነኛው ስቴጅ ደርሳለች።

ጀማል አራተኛው ላይ ነው።